ወዳጆ ቤት ገባ

መሐል ሜዳ
ጥቅምት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

መርስዬ፣

ሰላምታዬ እንደዚህ አገር ብርድ ሳያቋርጥ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ከርሜ ደህና ያልሆኑት ጣቶቼ ብቻ ናቸው። ከአርባ ምንጭ የላክኸው ሙዝ ግማሹ ጠቁሮ ደረሰ፤ ያልጠቆረውን እትዬ ጌታነሽ ወሰዱት። አክስትህ ስለሆኑ ምንም አልልም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብቶ ሙዝ መደበቅም አይቻልም። «የመንገድ ሥራው ካልጠነከረ ለፋሲካ እመጣ ይሆናል» ያልኸውን፣ «ይሆናል» የምትለዋን ዘልዬ አንብቤዋለሁ።

ማታ ማታ ከማን ጋር ትጫወቻለሽ ላልኸው፣ ከሸጊቱ ጋር ነው። ስትሄድ «ብቸኝነትሽን ታስረሳሽ» ብለህ እቅፌ ውስጥ ያስቀመጥካት፣ እፍኝ የማትሞላው ጥንቸል ዛሬ ድመት አክላለች። ከስፌት መኪናዬ ሥር ተጋድማ የወደቀ ክር ትቀረጥፋለች። ስምህን ስጠራ ጆሮዋን ታቆማለች ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ውሸት ስለሚሆን ተውኩት።

አንድ አዲስ ነገር አለ። ለገበሬው ጥንቸል ያከፋፍል የነበረው ፕሮጀክት ተዘጋ። የመንዝን ሰው፣ ኦሪት ርኩስ ያላትን እንስሳ አርብተህ ብላ ማለት ከመጀመሪያውም የማያዋጣ ነገር ነበር። የተረፉትን ጫኔ ለሚያሳድግ ሰው እያደለ ነው። አንድ ጆሮው የታጠፈ ግራጫ ወንድ የሚወስደው ጠፍቶ ለኔ አመጣልኝ። ጥንቸል ብቻዋን ስትኖር ይከፋታል አለኝ። እሷ ብቻ ናት እንዴ አልኩት። ሳቀ።

ስሙን ወዳጆ ብዬዋለሁ። ለጊዜው እትዬ ጌታነሽ ጓሮ ያለችው ባዶ ጎጆ ውስጥ ነው፤ እንዲህ እንዳለ ከሸጊቱ ጋር ቢገናኝ እስከ ገና ቤቱ ጥንቸል በጥንቸል ይሆናል። መጀመሪያ ይኮላሻል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይላመዳሉ። የሚያኮላሸው ጫኔ ራሱ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ታውቃለህ።

በሩን ማን ሠራው ብለሃል። እሱም ጫኔ ነው። ሲከፈት ያንቋርር የነበረውን ዘይት ቀብቶ ዝም አሰኘልኝ።

የምትናፍቅህ
ትሕትና


አርባ ምንጭ፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ
ኅዳር 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለትሕትና፣

ከሙቀት አገር የተላከ የናፍቆት ሰላምታ ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ላቤን እየጠረግኩ የግምጃ ቤቱን ዕቃ እየጠበቅኩ ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለናፍቆት፣ ኋላ ለሌላ ነገር።

የእንስሳት ሐኪሙን አላውቀውም አላልኩም። የአባቴን በቅሎ ያከመ ሰው ነው። አገሩ ሁሉ «አቶ ጫኔ» ወይም «ሐኪም» ይለዋል። አንቺ ግን ባዶውን «ጫኔ» ብለሽ ጽፈሻል። እኔን ከሠርጋችን በኋላ «አንተ» ለማለት ስንት ወር እንደፈጀብሽ ታውቂያለሽ፤ «አንቱ» እያልሽ ውኃ ስታቀርቢልኝ እንግዳ ቤት ያደርኩ ይመስለኝ ነበር። እሱን መቼ ለመድሽው?

ደግሞ «ሳቀ» ብለሻል። ሴት ለባሏ የሌላ ወንድ ሳቅ ትጽፋለች? የሳቀውስ በምኑ ነው? ብቸኛ ነኝ ስላልሽው አይደለም?

የበሩ ነገር ከሁሉ ይብሳል። እኔ ስመጣ እሠራዋለሁ ብዬሽ ነበር። ያ በር ሲያንቋርር እትዬ ጌታነሽ ከነግድግዳቸው ይሰሙት ነበር፤ የገባ የወጣ ይታወቅ ነበር። አሁን ዝም ብሎ ይከፈታል ማለት ነው። እኔ እዚህ ሌሊቱን ሁሉ ዝም ብሎ የሚከፈት በር ነው የማየው።

ስለ ጥንቸሉ ደግሞ፣ ዲያቆን ሳለሁ ኦሪትን ስላነበብኩ ጥንቸል እንደማይበላ አልነግርሽም፤ አታርቢው የሚል ግን የለም። ያንገበገበኝ ስሙ ነው። ስም ጠፍቶ ነው ወዳጆ ያልሽው? ጓሮ ወጥተሽ «ወዳጆ፣ ወዳጆ» እያልሽ ስትጣሪ መንገደኛ ምን ይላል? ይኮላሻል ባልሽው ግን ደስ ብሎኛል፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ በሌለሁበት ቤቴ ወንድ ከገባ እንዲያ ሆኖ መግባቱ ይሻላል። ሥራው ሲሠራ እትዬ ጌታነሽ አብረው ይቀመጡ።

ጥርጣሬ እንዳይመስልሽ። ናፍቆት ነው።

መርስዔ ኃዘን


መሐል ሜዳ
ታኅሣሥ 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

መርስዬ፣

እንዳዘዝኸኝ ክቡር የእንስሳት ሐኪም አቶ ጫኔ ባለፈው ሳምንት ቤታችን መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሥራቸውን ሠሩ፣ ሄዱ። አልሳቁም። እትዬ ጌታነሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቤ ነበሩ። በሩን ደግሞ ዘይቱን በአመድ ጠርጌልህ ትንሽ ትንሽ ማንቋረር ጀምሯል።

አሁን ከዚያ ወዲህ በላክኸው ቁራጭ ወረቀት የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ ብዙ ነው የጠየቅኸኝ። እጄን አልነኩም፤ የያዝኩት የወዳጆን ራስ ነው። ሻይ ጠጥተዋል፤ ያፈሉት እትዬ ጌታነሽ ናቸው። ቀሚሴ ያው ቡናማው ነው።

ከዚህ የተረፈው ስለ ጥንቸሉ ነው። እኛ አገር ሲኮላሽ ያየነው በግ ነው፣ እሱም በቅጥቀጣ። እትዬ ጌታነሽም ያንኑ መስሏቸው ድንጋይና ዱላ አዘጋጅተው ጠበቁ። ክቡርነታቸው ግን በሚያስተኛ መርፌ ወጉት፣ ፀጉሩን ላጩት፣ በትንሽ ምላጭ ከፍተው ሁለቱንም አወጡና ሰፉት። ስፌታቸው ጠማማ ስለነበር እኔ ብሰፋው ቀጥ ይል ነበር ብዬ ነገርኳቸው። የገረመኝ የምግቡ ነገር ነው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ሁላችን ሳንቀምስ ወዳጆ ብቻ ጎመኑን ሲበላ አረፈደ። ሰው ሊሠራ ሲል ሆዱ ባዶ ይሁን ይባላል፤ ጥንቸል ግን አንጀቱ ሥራ ከፈታ ይሞታል አሉ። ከእንቅልፉ ሲነቃም መጀመሪያ ያቀረብኩለት ጎመን ነው። እትዬ ጌታነሽ «ሙክት ካደረጋችሁት በኋላ ማን ሊበላው ነው» ብለው እስካሁን እንደተጨነቁ ናቸው።

ከተኮላሸም በኋላ ለወር ከምናምን አይታመንም። ውስጡ የቀረ ዘር ስላለ ሊያስረግዝ ይችላል። ሸጊቱንስ ለምን አትሠሩልኝም ብላቸው የሴቷን ሆድ መክፈት እዚህ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም አሉ። ስለዚህ ወዳጆ እስኪታመን እዚያው ጎጆው ይቆያል። እስከዚያ ጭዳቸውን አለዋውጣለሁ፤ እሱ የተኛበትን ለሷ፣ እሷ የተኛችበትን ለሱ። ከመተያየታቸው በፊት ሽታቸውን ይለማመዳሉ። ሸጊቱ የመጀመሪያ ቀን ጭዱን በእግሯ ጠርጋ ደጅ አወጣችው። አሁን ትተኛበታለች፣ ፊቷን ግን አዙራ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ እትዬ ጌታነሽ አንድ ነገር ተናገሩኝ። አልጽፈውም።

ገና ያለ አንተ ምን ይሆናል ብለህ አትጠይቀኝ። መጥተህ እየው።

ትሕትና


አርባ ምንጭ
ጥር 7 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለትሕትና፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

እትዬ ጌታነሽ ለአውቶቡሱ ረዳት ነግረውት፣ ረዳቱ አዲስ አበባ ለአገራችን ሰው ለወልደ ጻድቅ ነግሮት፣ ወልደ ጻድቅ ሲሚንቶ ጭኖ እዚህ ሲመጣ ለኔ ነገረኝ። «ሚስትህ ደህና ናት፤ ወዳጅ ቤት ገብቷል ብለውሃል አክስትህ» አለኝ። ጭነት እያወረዱ ያሉ ሰዎች ፊት ነው ያለኝ። አንዱ ሳቀ።

ጥንቸሉን ወዳጆን ለማለት ፈልገው ይሆናል ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። ሰውየውን መልሼ ጠየቅሁት። «ወዳጅ ነው ያሉት፣ ከነሻንጣው ነው የገባው መሰለኝ» አለኝ። ጥንቸል ሻንጣ የለውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱንም በወረቀት አልጠይቅሽም።

መርስዔ ኃዘን


መሐል ሜዳ
የካቲት 5 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለአቶ መርስዔ ኃዘን፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ደህና ነኝ። ሳይነግሩኝ መጥተው፣ ያን ሁሉ አድርገው ከሄዱ በኋላ ከአዲስ አበባ የጻፉት የይቅርታ ወረቀት ደርሶኛል፤ ስለጠየቁኝ እመልሳለሁ።

የወዳጆ ጆሮ የተቀደደው ከግማሹ ነው፣ ያው የታጠፈው ጆሮ። ተሰፍቷል። አይድንም ይሆናል ያሉትስ ድኗል። ሸጊቱ ደግሞ እስካሁን ሰው ሲገባ ከአልጋ ሥር ነው የምትገባው። አንድ ጊዜ የተጣላ ጥንቸል ቂም ይይዛል ተብሎ እንደገና ለየብቻ አድርገናቸዋል። የሁለት ወር ልፋት ነው ገደል የገባው።

ሰዎች የሚሉት ምን እንደሆነም ጠይቀዋል። ከእርስዎ አፍ የሰሙትን ነው የሚሉት። የእንስሳት ሐኪሙ እጁን በጨርቁ ጠርጎ፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ለእርስዎ እጅ ነስቶ ሲወጣ አይተዋል። ያልመለሰልዎት መልስ አጥቶ አይደለም። እኔን የጠሩበትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ የስፌት ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው ሰምተውታል፣ ይበቃል።

ያዩትን ግን እኔ ልንገርዎት፣ እርስዎ ስላላዩት። ጥንቸሎቹ የሚተዋወቁት ሁለቱም ገብተው በማያውቁበት ቦታ ነው ስለተባለ እትዬ ጌታነሽ ሳሎን ነበርን። መሬት የተቀመጥነው ጥንቸል መሬት ላይ ስለሚሄድ ነው። ትይዩ የተቀመጥነው አንዱን እኔ፣ አንዱን እሱ ስለያዝን ነው። የሳቅነው ወዳጆ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ሄዶ ራሱን ዝቅ ሲያደርግላት ነው። አክስትዎ ከበሩ ጀርባ መጥረጊያ ይዘው ቆመው ነበር፤ ሲጣሉ በእጅ አይገባም፣ በመጥረጊያ ነው የሚለዩት። በሩን በእግርዎ ሲመቱት የተደፉት እሳቸው ናቸው፤ ጥንቸሎቹም ደንግጠው የተናከሱት ያኔ ነው።

ወዳጅ ገባ ስለተባለውም አጣርቻለሁ። እትዬ ጌታነሽ ለረዳቱ ያሉት «ወዳጆ ቤት ገባ፣ ከነሳጥኑ» ነው። ከጓሯቸው ጎጆ ወጥቶ እኔ ቤት፣ ከሸጊቱ ሳጥን ጎን፣ በሽቦ ተለይቶ የገባ ዕለት ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ ወዳጅ ሆነ፣ አርባ ምንጭ ሲደርስ ሻንጣ ያዘ።

ለፋሲካ ልምጣ ብለዋል። አይምጡ። ሳልጠራዎት ቢመጡ እኔን ቀየት እናቴ ቤት ነው የሚያገኙኝ፣ የስፌት መኪናዬንም ጭኜ ነው የምሄደው፣ አልመለስም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም፤ ተናድጄ የጻፍኳቸውን ቀድጃቸዋለሁ።

አክባሪዎ
ትሕትና


አርባ ምንጭ
የካቲት 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለትሕትና፣

የፈለግሽውን በይኝ፣ እርስዎ አትበይኝ። ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ ስድብ ነበር የጠበቅሁት። «እንደምን ሰነበቱ» የሚለውን ሳነብ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። መጀመሪያ ያገባሁሽ ሰሞን ያቺን አንቱታ ለማስተው የለፋሁትን ልፋት አስቢው። አሁን በራሴ እጅ መለስኩት።

ይቅርታ ብዬሻለሁ፤ ደግሜ እላለሁ። ለእትዬ ጌታነሽ ለወገባቸው ቅባት ልኬአለሁ። ለአቶ ጫኔም ደብዳቤ ጽፌ እጁ እንዲገባ አድርጌአለሁ። መልስ አልጻፈልኝም፣ አይፈረድበትም።

ምን ነካህ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው። ልጅ የለንም። እዚህ ማታ ማታ ሰው ሁሉ ስለ ልጁ ያወራል፤ እኔ ሲደርሰኝ ስለ ጥንቸል ነው የማወራው። ይስቃሉ። ሌላው ሰው ከቤቱ ቢርቅ በልጅ ታስሮ ነው የሚርቀው። አንቺን ከኔ ጋር ያሰረሽ ምንድን ነው እያልኩ ነው የማድረው። ይሄ ሰው ደግሞ ቅርብሽ ነው፣ እጁ ሥራ ያውቃል፣ በር ይሠራል፣ ያስቅሻል። እቀናለሁ ትሕትና። በሩን በመሥራቱ ሳይቀር እቀናለሁ። ጭድ በሚለዋወጡት ጥንቸሎች ሁሉ ቀንቻለሁ።

ለፋሲካ ሳትጠሪኝ አልመጣም። የአለቃዬን ፈቃድ ግን ይዤአለሁ፣ ብትጠሪኝ ብዬ።

ጥንቸሎቹ ታረቁ ወይ? አቶ ጫኔ አሁንም እየመጣ ነው ወይ? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሰርዤዋለሁ። በእስክሪብቶው ደጋግሜ አጠቆርኩት፤ አሁንም የሚነበብ ከሆነ እንዳላነበብሽው ቁጠሪልኝ።

መርስዔ


መሐል ሜዳ
መጋቢት 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

መርስዔ፣

ይነበባል። አዎ፣ ይመጣል። ወደፊትም ይመጣል። ያን ቀን ከሰደብከው በኋላ ዳግመኛ የኛን በር ይረግጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በማግሥቱ ራሱ መጥቶ ነው የወዳጆን ጆሮ የሰፋው። ደብዳቤህን አንብቦታል። «መልስ የሚፈልገው ከኔ አይደለም» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በባዶው ጫኔ ነው የምለው፤ አብሮኝ የተማረ የሰፈር ልጅ ስለሆነ ነው። ይህን ጥቅምት ላይ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ ግን የጠየቅኸኝ መቼ ለመድሽው ብለህ ነው።

እትዬ ጌታነሽ ያን ዕለት የተናገሩኝን ያልጻፍኩልህ እንዳይከፋህ ነበር። «ያልወለደች ሴት እንዲህ ያለውን ሥራ ባትይዝ ይሻላል» ነው ያሉኝ። ራሱን ይዤለት የነበረው እንስሳ ገና አልነቃም። ሳልለቅ ያዝኩት። አንተ ማታ ማታ የሚያስጨንቅህ ነገር እኔን ቀን ነው የሚያስጨንቀኝ፣ ሰው እያየኝ፣ የሰው ልጅ ዩኒፎርም እየለካሁ። ያልወለድነው ሁለታችን ነን። አንተ ግን ለብቻህ ያልወለድክ ይመስል ሐዘኑን ይዘህ ወደ ቅናት ገባህ፣ እኔን ከደጅ ተውከኝ። የከፋኝ ከስድቡ ይልቅ ይኸኛው ነው።

ስለ ጥንቸሎቹ ልንገርህ። ከሀ እንደገና ጀምረናል። አንድ ጊዜ የተናከሱ ጥንቸሎች ከማይተዋወቁት ይብሳሉ፤ የማያውቁት ይጠረጥራሉ፣ እነዚህ ያስታውሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጨርሶ እንዳይተያዩ አደረግን። ከዚያ ጭዱ። ከዚያ በሽቦ ግራና ቀኝ አብረው እንዲበሉ፤ ሸጊቱ ለብዙ ቀን ጀርባዋን ሰጥታው ነው የበላችው። አሁን ሽቦው ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ።

የመጨረሻው ቦታው ነው። የኛ ቤት አይሆንም፣ የሷ ነው። የእትዬ ጌታነሽም አይሆንም፣ የጠቡ ሽታ አለበት። ሁለቱም ባለቤት ያልሆኑበት ቦታ ያስፈልጋል። እንስሳ ባለቤት ነኝ ያለበት ቦታ ላይ ሲሆን ነው የሚናከሰው። ይህን ሲነግረኝ ያንተን ደብዳቤዎች አሰብኩ። ከተናደድክባት ከአንዷ በቀር ሁሉም «ለባለቤቴ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ለፋሲካ ቤት አልጠራህም። አንድ ነገር ግን ላክልኝ። ስትሠራበት የዋልክበትን ሸሚዝ፣ ሳታጥበው።

ትሕትና


አርባ ምንጭ
መጋቢት 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለትሕትና፣

ሸሚዙን በወልደ ጻድቅ እጅ ልኬአለሁ። አላጠብኩትም፣ በዚህ ሙቀት ምን እንደሚሸት ራስሽ ፍረጂ። ወልደ ጻድቅ ከፍቶ አይቶት ሚስትህ ምን ልታደርገው ነው አለኝ። ልትለምደኝ ነው አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

አብሮሽ የተማረ መሆኑን ብትነግሪኝ ኖሮ ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት።

መርስዔ


መሐል ሜዳ
ሚያዝያ 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

መርስዔ፣

ሸሚዝህ ደረሰ። ሸጊቱ ወዲያው ተኛችበት። እኔ ገና ነኝ፤ ወንበር ላይ ሰቅዬው እየዞርኩት እሰፋለሁ።

ጥንቸሎቹ ጫኔ ከሚሠራበት ግቢ ባዶ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ትንሽ ተባረሩ፣ ፀጉር በነነ፣ እጄ መጥረጊያው ላይ ነበር። ከዚያ ወዳጆ ሄዶ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ብዙ ቆየች። ኋላ የተቀደደውን ጆሮውን ላሰችው። አሁን በአንድ ሳጥን ያድራሉ።

ልጠራህ ነው። ግን ወደ ቤት አይደለም። የሆሳዕና ማግሥት ደብረ ብርሃን አውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ጠብቀኝ፤ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ያንተም የኔም ዘመድ የለም፣ ሰውም አያውቀንም። ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም፤ ወደ ቤት አብረን እንገባ ይሆናል፣ እኔ ቀየት እወርድ ይሆናል። ይህችን «ይሆናል» ግን ዘልለህ አታንብባት።

አንድ ነገር እወቅ። ስመጣ ጥንቸሎቹን የሚጠብቅልኝ ጫኔ ነው። የቤቱን ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። ለእትዬ ጌታነሽ መስጠት እችል ነበር፤ ለሱ ነው የሰጠሁት፣ አንተም እንድታውቅ ነው የምጽፍልህ። ቁልፉን አስበህ ደብረ ብርሃን ሳትወርድ ወደ መሐል ሜዳ ካለፍክ፣ መልስህ እሱ ነው። እኔም ሌላ መልስ አልጠብቅም።

ትሕትና


ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለትሕትና፣

ይህን የምጽፈው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው። ስትመጪ እሰጥሻለሁ።

ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቼ ማልጄ ደረስኩ። ሻይ ቤቱን አግኝቼዋለሁ። ብርዱን ረስቼው ኖሮ እግሬ ደንዝዟል። ሙዝ ይዣለሁ፤ አሁንስ አረንጓዴውን ነው የገዛሁት።

የጠዋቱ መኪና መግቢያ ሰዓቱ አልፏል። አንቺ ትኑሪበት አትኑሪበት አላውቅም። የመናኸሪያውን ሰው ጠየቅሁት፤ «መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» ብሎኛል። ለምን እንደዘገየሽ ብዙ ነገር መጥቶብኛል። የመጣብኝን ሁሉ እዚህ ልጽፈው ነበር፤ አልጻፍኩትም። ስትመጪም ለምን ዘገየሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ጫኔ ሳጥኑን ከንፋስ እንዲያርቀው ነግረሽው ይሆናል፣ ይህን ብቻ ነው የማስበው። ውሸቴን ነው። ቁልፉን ነው የማስበው። የራሴ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እጄ ሲገባ ሲወጣ ይነካዋል።

ከሻይ ቤቱ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና ቆሟል። የምርጫ ወረቀት ተለጥፎበት መስታወቱ አይታይም። ሞልቷል፣ አንድ ሰው ነው የጎደለው። ረዳቱ ሻንጣዬንና ሙዙን አይቶ የአገሩ ሰው መሆኔን አወቀ መሰለኝ፣ ሦስት ጊዜ መጥቶ «ጋሼ፣ ግቡ እንጂ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ የለም» አለኝ። ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩት።

«ከዚህ ነው ወይስ ከመሐል ሜዳ የሚመጣው ሰው?» አለኝ።

«ከመሐል ሜዳ።»

«ታዲያ እዚያው ሄደው አያገኙትም?»

አይሆንም አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሞተሩ ተነሳ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትመጪ እዚያው ታገኚዋለሽ፣ መልሰሽ ብትሰጪኝም ባትሰጪኝም ያንቺ ነው። አንድ ወንበርም ከማዶ አስለቅቄአለሁ። እዚያ ተቀመጪ፣ እኔ አልጠጋሽም።

ረዳቱ በሩን ይዞ አንዴ ወደኔ አየ። መኪናው አንድ ሰው ጎድሎት ሄደ።

መርስዔ